ድራይቩ እስኪስተካከል

በሥራ ቦታዬ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሚሊሜትር ነው የሚሉኝ። የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። የጥርስ ሐኪሟ የበሽተኛውን ድድ ለክታ ትልክልኛለች፤ እኔ ከጓሮ በኩል ካለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ጄሶ አፈስሳለሁ፣ ሰም እቀርፃለሁ፣ እሞርዳለሁ። ጥርስ የፀጉር ያህል ከፍ ካለ ሰውየው ሲያኝክ ይሰማዋል፣ ተነጫንጮም ይመለሳል። ስለዚህ ለክቼ እሞርዳለሁ፣ ሞርጄም እንደገና እለካለሁ። ሐኪሟ አንዳንዴ በሩን በርግዳ፣ «ሚሊሜትር፣ ሰውየው ምሳውን በድዱ በልቶ እራቱም ሊደርስበት ነው እኮ! በቃ ስጠኝ!» ትለኛለች። እኔ ግን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ሁልጊዜ አንዲት ያልተስተካከለች ቦታ ትታየኛለች።

ይህን ዐመሌን እዚያው ሥራ ቦታ ጥዬው ብወጣ ማንንም አልጎዳም ነበር። እሱ ግን አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤት ይገባል። ሚስቴ መጋረጃ የምትሰቅለው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ መደርደሪያ ልሰቅል ብዬ ግድግዳውን ስለካ፣ ዕቃው ወለሉ ላይ ተከምሮ ወቅት አልፎ ወቅት መጣ። እሷ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስለሆነች ትዕግሥቷን ሁሉ ለሌላ ሰው ልጆች ጨርሳ ነው የምትመጣው፤ ለእኔ የሚተርፈኝ እንጥፍጣፊው ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው መክበድ ከጀመረ ሰነባብቷል። የጆሮ ሐኪሙ አይቷቸው ሲያበቃ ለሚስቴ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራት፤ የመስማት ኃይላቸው እየሄደ ነው፣ ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ለጊዜው ይረዳቸዋል እንጂ አያቆመውም፣ የሚቆይበትንም ጊዜ እሱ አያውቅም። አማቴ ቤት እንደገቡ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ጫማቸውን እያወለቁ፣ «እንግዲያው ሳይዘጋብኝ በፊት የሱን ድምፅ ልስማ» አሉ።

እሱ የሚሉት ሟች ባላቸውን ነው። ሟቹ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፋብሪካው አንድ ዓመት በዓሉን ሲያከብር የሠራተኞቹ የሙዚቃ ቡድን ዘፈኖች አስቀድቶ ነበር፤ በዚያ ሲዲ ላይ ዘፋኙ የሚስቴ አባት ናቸው። ለሠራተኞቹ ብቻ የታደለ ጥቂት ቅጂ ነበር፤ ዛሬ የእኛው ይኑር፣ ሌላም ይኑር የሚያውቅ የለም። ማጫወቻችን ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል። ኮምፒውተሩ ግን ሲዲ የሚያነብ ድራይቭ አለው።

ሚስቴ ወዲያው ሲዲውን ከቁም ሣጥን አውጥታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ልትከተው ስትል ከእጇ መንጭቄ ወሰድኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«በዚህ ድራይቭ ልታጫውቺው ነው?»

«በምን ላጫውተው ታዲያ? በምጣድ?»

አስረዳኋት። ሲዲው አርጅቷል፤ አንድ ጭረት ቢጨመርበት አለቀለት። ድራይቩም ቢሆን የማይታመን ዕቃ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛ ቅጂ ይወጣለታል፣ ከዚያ ቅጂውን እስኪሰለቻችሁ ታዳምጣላችሁ አልኩ። አማቴ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ብዙ ቀን ይፈጃል ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አይፈጅ እማማ። ድራይቩን ላስተካክለው ብቻ።»

ያን ጊዜ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቭ የሙዚቃ ሲዲ ሲያነብ ጭረት ቢገጥመው አላየሁም ብሎ አይቆምም። ከፊትና ከኋላ ያለውን አይቶ መሐሉን በግምት ይሞላና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ያልፋል። እኔ ይህን ያወቅሁት በኢንተርኔት እንደ እኔ ዓይነቶቹ ከሚሰበሰቡበት አንድ መድረክ ገብቼ ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች የሚጽፉትን ሳነብ ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ። አንዱ ሲዲ ለመቅዳት ድራይቩን ሲያዘጋጅ ክረምቱ እንዳለፈበት በኩራት ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ ቸኩለሃል ብሎ ይወቅሰዋል።

ከእነሱ እንደተማርኩት የመጀመሪያው ሥራ የድራይቩን መዛነፍ ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ድራይቭ እንደ ሥሪቱ ሙዚቃውን ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ይጀምራል። ይህንን ኦፍሴት ይሉታል። ልኩን ለማወቅ ብዙ ሰው እጅ የገባ፣ የታወቀ ሲዲ ያስፈልጋል። ያንን ሲዲ ስታስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመቅጃ ፕሮግራም ያንተን ንባብ ሌሎች ሰዎች ካነበቡት ጋር ያስተያይና ድራይቭህ በምን ያህል እንደሚዛነፍ ይነግርሃል። ቀላል ነው። የሚቸግረው በዚህ ዘመን የሚነበብ ሲዲ ማግኘቱ ነው።

ሰፈሩን አዳረስኩት። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ሁለት ሲዲ ነበረው፤ እርግብ እንዲያባርሩለት መስኮቱ ላይ በክር አንጠልጥሏቸው ፀሐይ ጠብሷቸዋል። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛ አንድ በደስታ ሰጡኝ፤ የሻይ ብርጭቆ የሚያስቀምጡበት ስለነበር መሐሉ ላይ ክብ የሻይ ማኅተም አለበት። ጎረቤታችን ታክሲ ነጂው መስታወቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሳይ ግን ልቤ ዘለለ።

«ይቺን ሲዲ አንዴ ታውሰኛለህ?»

«ዘፈኑን ወደድከው እንዴ?»

«ኧረ ዘፈኑን አላውቀውም። ለልኬት ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ለጥርስ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ሳልደርስ ተሳፋሪ አገኘሁ ብሎ ባዶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሟ ናት የታደገችኝ። ከመሳቢያዋ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ ያልተቀደደ ሲዲ አወጣችና፣ «ውሰደው፣ የዛሬውን ጥርስ ግን ዛሬ ጨርስልኝ» አለችኝ። ሲዲውን ወሰድኩ። ጥርሱ ግን በማግስቱ ነው ያለቀው።

ኦፍሴቱ ተገኘ። ቁጥሩ በኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ሲል ሚስቴን ከወጥ ቤት ጎትቼ አመጣኋት።

«እና ስንት ነው የሚዛነፈው?» አለች፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ።

«አየሽ፣ አንዴ ዐይንሽን ስታርገበግቢ፣ በዚያ ውስጥ ይሄ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል።»

ዐይኗን አርገበገበች። ሌላም ጊዜ አርገበገበች። «ለዚህ ነው እማዬ የምትጠብቀው?»

«ታዲያስ!» አልኳት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ቀጥሎ የመጣው የድራይቩ ስንፍና ነው። ድራይቭ ያነበበውን ለጊዜው የሚያስቀምጥበት የራሱ ማስታወሻ አለው። አላመንኩህም፣ ያቺን ቦታ ድገማት ስትለው ወደ ሲዲው ተመልሶ በማንበብ ፈንታ ከዚያው ማስታወሻ የቅድሙን ገልብጦ ይሰጥሃል። የቤት ሥራውን ድገም ሲባል የድሮውን ደብተር የሚያሳይ ተማሪ ማለት ነው። ይህንን ማስጣል ነበረብኝ። አንዱ ድራይቭ እምቢ አለ፣ ሌላ ፈልጌ አመጣሁ፤ እሱም አላሳመነኝም፣ ሦስተኛ ተጨመረ። የምግብ ጠረጴዛችን የተበለቱ ዕቃዎች መደብ ሆነና በጭናችን ላይ ሰሐን አስቀምጠን እንበላ ጀመር። አማቴ ማታ ማታ ሳልፍ እጄን ይዘው፣ «ደረሰልህ?» ይሉኛል። «ተቃርቧል እማማ» እላቸዋለሁ። አለመዋሸቴ ነው የሚገርመው፤ እኔ ሁልጊዜ እንደተቃረብኩ ነው።

ድራይቩ ተስተካከለ ብዬ የአማቴን ሲዲ ሳስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ሁለቱ ንባቦች አንድ ዓይነት ከሆኑ ያሳልፈዋል፣ ከተለያዩ ቀይ ያበራል። ዛሬ ሦስተኛው ዘፈን ቀይ ይሆናል። ነገ ሦስተኛው ደኅና ሆኖ አምስተኛው ይታመማል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሁለቱም ድነው የመጀመሪያው ይወድቃል። ጭረት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ይሠራል እንዴ? ድራይቩን ወቀስኩ፣ ገመዱን ወቀስኩ፣ የሕንፃችንን መብራት ወቀስኩ። አንድ ቀን ሲዲውን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው ወፍራም የጣት አሻራ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነው ይሄን የነካው?»

«ቀንም ሌትም የምትነካካው አንተ!» አለች ሚስቴ፣ ፊቷን ወደ ልብስ መተኮሻው እንዳዞረች።

እውነቷን ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ቦታ ባመጣሁት የጎማ ጓንት ካልሆነ ሲዲውን መንካት ተውኩ። ከሥራ እመጣለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ በሽተኛውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እጠርገዋለሁ። አሻራው ግን በማግስቱ ይኖራል። ጓንቱ ቀዳዳ አለው ብዬ ውኃ ሞልቼ ፈተሽኩት፤ አያፈስም።

በዚህ መሐል ቤቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ አየሁ፣ ምንም ግን አልታየኝም። የአማቴ ቴሌቪዥን ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ይጮህ የነበረው ቀርቶ ሰላም ወረደ። ተመስገን አልኩ። አማቴ «ደረሰልህ?» ማለታቸውን ተዉ። ትዕግሥታቸውን አደነቅሁ። ከኋላቸው ስጠራቸው ዞር የማይሉት ለጸሎት ነው ብዬ አለፍኩ። ሚስቴ እንኳ መነዝነዟን ስታቆም ሥራዬ የገባት መሰለኝ። ይህች ሴት አብረን ስንኖር አንድም ሥራዬ ገብቷት አያውቅም፤ ያንን ባስብ ኖሮ ያኔውኑ በነቃሁ ነበር።

አንድ ምሽት ሁሉም ዘፈኖች ያለ አንድ ቀይ አለፉ። በማግስቱ ደገምኩት፤ አለፉ። አሻራም የለም። ጓንቱን ከእጄ አውልቄ ጣሪያ ድረስ ወረወርኩት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅጂዬን በዓለም ላይ ሌሎች ሰዎች ከቀዱት ጋር ማስተያየት። ፕሮግራሙ ፈልጎ ፈልጎ፣ ይህን ሲዲ ያስገባ ሌላ ሰው አላገኘሁም አለኝ። መጠበቅ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። በየምሽቱ እየከፈትኩ አያለሁ።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረው?» አለች ሚስቴ አንድ ቀን፣ ከኋላዬ ቆማ።

«ማረጋገጫ። ሌላ ሰው ሲዲውን ሲያስገባ የሱና የኔ አንድ ከሆነ...»

«ማን ነው ሌላው ሰው?»

«በዓለም ላይ ያለ ማንም ሰው።»

«በዓለም ላይ ያለ ማንም ሰው የኔን አባት ዘፈን ምን ያደርግለታል?» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ለመላው ዓለም ያልታተመ ሲዲ እኮ ነው! በእነማን እጅ እንደነበር ታውቃለህ፤ ግማሾቹ ሞተዋል!»

ይህ እውነት ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም እንጂ።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ጠረጴዛውን አጸዳሁ። ለአማቴ ባለመደገፊያውን ወንበር አመጣሁ፣ ትራስ ጨመርኩበት። እሳቸውም ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ደኅናውን ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ዝም ብዬ ባጫውት ምን ነበረበት? እኔ ግን ንግግር አደረግሁ። ስለ ኦፍሴቱ ነገርኳቸው፣ ስለ ሰነፉ ማስታወሻ ነገርኳቸው፣ አንዲት ነጥብ ድምፅ እንዳልጠፋች ነገርኳቸው። ከንፈር ከንፈሬን እያዩ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው እንዲህ ጥሞና ሰጥቶ አዳምጦኝ አያውቅም። ከዚያ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፋሁላቸውና የማጫወቻውን ምልክት ነካሁ።

አማቴ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ፈገግ አሉ። ጣታቸው የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመረ፤ ራሳቸው ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ይላል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቅንድባቸውን አነሡ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከንፈራቸው ግጥሙን ሲከተል አየሁ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ልፋቴ ዋጋ አገኘ ብዬ ደረቴን ነፋሁ፣ ሚስቴን አየሽ ወይ ልላት ዘወር አልኩ። ዘወር ስል እግሬ ሥር አንድ ነገር ረገጥኩ።

የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ጫፍ ነበር። ማዳመጫውን ልሰካ ብዬ የድምፅ ማጉያውን ነቅያለሁ፤ ነቀልኩ እንጂ አልሰካሁም። ስንት ድራይቭ ፈትቼ የገጠምኩት ሰውዬ አንድ ገመድ ረሳሁ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው። አማቴ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

ገመዱን በእጄ ይዤ ሚስቴን አየኋት። እሷም ገመዱን አየች። ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣችኝና አንሾካሾከች፤ ለነገሩ ማንሾካሾክ አያስፈልጋትም ነበር።

«መስማት ካቆመች ቆየች። እንዳትነግሪው፣ ልፋቱ ከንቱ እንዳይመስለው ብላኝ ነው።»

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ጥሩ ድራይቭ ስመርጥ ሴትዮዋ ደንቁረው አረፉት። ባላቸውን ሳይሰሙ፣ በእኔ ምክንያት!

«ሳትሰማው?» አልኩ።

«ምን ሳትሰማው!» ሚስቴ አፈረች መሰለኝ መሬት መሬት አየች። «ከልጆቹ ጋር ውዬ ቀትር ላይ እመጣ የለም? አንተ እስክትመጣ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ሲዲውን አጫውትላት ነበር። በየቀኑ። አንዳንዴ ሦስቴ። ዳቦ እየበላችም ቢሆን ራሷ ነበረች የምታስገባው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ጆሮዋን ማጉያው ላይ ለጥፋ ሰማችው፤ አንድ ቀን በቃ፣ አውጪው አለችኝ።»

አሻራው! አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። የእኔ ድራይቭ የተስተካከለው ለካ ሴትዮዋ ጆሯቸው ተዘግቶ ሲዲውን መንካት ሲተዉ ነው። ለአንድ አፍታ በጓንት የያዝኩትን ነገር በዳቦ እጅ ብዬ በገንኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱንም እግራቸው ላይ ወድቄ ባመሰግን ወደድኩ። ሰረቁኝ፣ ደግ አደረጉ። ባይሰርቁኝ ኖሮ ከእሳቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ባልቻልኩ።

«አንተስ?» አለች ሚስቴ።

«እኔስ ምን?»

«አዳምጠኸዋል?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የእያንዳንዱን ዘፈን ርዝመት፣ የትኛው የቱ ጋ እንደሚታመም አውቃለሁ። አንዱንም ዘፈን ከፍጻሜው አድርሼ ሰምቼ ግን አላውቅም።

ስንመለስ አማቴ ዐይናቸውን ገልጠው ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ አዩ። አንዴ ገመዱን፣ አንዴ እኔን አዩና ሳቅ አፈናቸው። ማዳመጫውን ከራሳቸው አውልቀው እኔ ራስ ላይ ደፉት፣ ትከሻዬን ተጭነው እወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ገመዱን ሚስቴ ሰካችው።

ከበሮው ጀመረ፣ ክራር ገባ፣ ከዚያ የሚስቴ አባት መጡ። እኚህ ሰው አይችሉበትም! ከበሮው ጥሏቸው ይሄዳል፣ እሳቸው ከኋላ ይሮጣሉ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበርና ሙዚቀኞቹ እንዳልሰማ ሆነው ያልፋሉ። ያቺ መሰበር ግን አንዲት ሳትጎድል ተቀድታለች፤ ለዚያ እኔ ምስክር ነኝ። አማቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ፊቴን እያነበቡ ጉልበቴን በመዳፋቸው ይመታሉ።

«እህ? ጥሩ ይዘፍናል አይደል?» አሉኝ፣ የገዛ ድምፃቸውን ስለማይሰሙት እየጮኹ።

«በጣም! እንደሳቸው የዘፈነ የለም!» አልኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት እያላቀቅሁ።

«ውሸታም! እኔ እስኪወጣልኝ የሰማሁትን?» ብለው ጉልበቴን በጥፊ አሉት። «ድምፁ እኮ የተሰነጠቀ ድስት ነው! ሰው ፊት ሲቆም ይደነግጥ ነበር፣ ምስኪን። ደኅና አድርጎ የሚዘፍነውስ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ነበር። እሱን ማን ቀዳው?»

በእጄ እንዴት ነበር አልኳቸው። አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ አንዱን ጉንጫቸውን ነፉና ጣታቸውን እንደ ምላጭ ከጆሯቸው ሥር ጀምረው ወደ ታች እያወረዱ ማዜም ጀመሩ። ሲዲው ላይ የሌለ ዜማ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው ወጣ ወረደ፤ ከዚያ መንገዱን አገኘ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲላጭ በዐይኔ ያየሁ መሰለኝ። ይህ መቀዳት አለበት ብዬ ስልኬን ከኪሴ መዘዝኩ። መቅጃውን ከፈትኩ። የድምፅ ጥራቱ ዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል። በዚህማ አይቀዳም ብዬ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ፤ ብዙ ምርጫ አለው፤ ከፍተኛውን ፈለግሁ።

ቀና ስል አማቴ ዜማውን ጨርሰው፣ በሌለ ፎጣ ፊታቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ቀዳኸው?» አለችኝ ሚስቴ ከበሩ ላይ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እያበሰች።

የጥራቱ ምርጫ ገና እንደተከፈተ ስልኩን አዙሬ አሳየኋት።